«ፎርማት ይደረግ» የሚለው ብይን

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሦስት ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። አንደኛው አራት ሰዓት ላይ ለችሎት የሚያቀርበው የመከላከያ መልስ አለው። ሁለተኛዋ የኪራይ ውል ታሳድሳለች። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት እዚሁ ያስጻፈውን አቤቱታ ቅጂ ይፈልጋል። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አበራች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ በአረንጓዴ «ኦኬ» የሚሉ መስመሮች እየተከታተሉ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ ቀይ ነበር፦ «የከርነል ሞጁሎችን መጫን አልተቻለም»። ከዚያ በኋላ ዴስክቶፑ አልመጣም።

ጎረቤት ያለው ጠጋኝ ተጠራ። ማሽኑን አጥፍቶ አበራው፣ ቀዩን መስመር አየው፣ ብይኑን ሰጠ።

«እትዬ፣ ሊኑክስ ነው እኮ፤ ከርነሉ ተበላሽቷል። ፎርማት ይደረግ።»

«ፋይሎቹስ ልጄ?»

«ባክአፕ ከሌልዎት እንግዲህ…»

እኩለ ቀን ላይ ኮምፒውተሩ በክራክ ዊንዶውስ ተነሥቷል። የስድስት ዓመት አቤቱታ፣ ውል፣ መልስና ይግባኝ የለም። ባለጉዳዮቹ ሌላ ቤት ሄደዋል። ሂሳቡ ተከፍሏል፣ ጠጋኙም ተመርቆ ወጥቷል።

ሱቋ ስም ያልተሰጣት የአንድ ሱቅ ታሪክ ስላልሆነ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ እስከ ቸርችል ጎዳና፣ ከዚያም አልፎ መርካቶና ሜክሲኮ ድረስ፣ የታመመ ኮምፒውተር ተሸክሞ ጥገና ቤት ገብቶ ይህን ብይን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ያ ቀይ መስመር የምስክር ቃል ነበር። ማሽኑ የት ጋ እንደታመመ እየተናገረ ነበር። ባለጉዳይ በሚበዛበት ሠፈር፣ ፍርድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል፣ ምስክር ሳይሰማ ተከሳሹ ተፈረደበት። ያውም በሞት።

«ፎርማት ይደረግ» የጥገና ቃል ተደርጎ መቆጠሩ ማብቃት አለበት። የችኮላና የስንፍና ውል ነው። ጠጋኙ ይፈርማል፣ ባለንብረቱ ይከፍላል፣ ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም በዝምታቸው ማኅተም ያሳርፉበታል።

ዳኛውና አስተርጓሚዎቹ

ከርነል የኮምፒውተሩ ስርዓት እምብርት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ በትክክል ሲነገር ይኸው እምብርት ነው፤ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ የሚባሉት በእምብርቱ ዙሪያ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ሊኑክስ የሩቅ አገር ነገር የሚመስለው ሰው ኪሱን ይዳብስ። አንድሮይድ ስልክ ከያዘ የሊኑክስ ከርነል ይዞ ነው የሚዞረው። በዓለም ፈጣን ተብለው በሚመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሊኑክስ የማይሠራ አንድም የለም።

ከርነሉን እንደ ዳኛ እናስበው ቢባል ያስኬዳል። ዳኛው ሕጉን ያውቃል፤ የባለጉዳዩን ሁሉ ቋንቋ ግን አያውቅም። የስክሪን ካርዱ አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ዋይፋዩ ሌላ፣ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሞጁል ማለት አስተርጓሚ ነው፤ በጥገና ቤት ቋንቋ ድራይቨር የሚባለው ማለት ነው። ችሎቱ ሲሰየም ከርነሉ አስተርጓሚዎቹን በየስማቸው ያስጠራል። የተጠራው ካልቀረበ፣ ወይም መታወቂያው ካልታመነ፣ መዝገቡ ላይ በቀይ ይጻፋል።

የዋይፋዩ አስተርጓሚ ቀረ ማለት የዋይፋዩ ጉዳይ ተቀጠረ ማለት ነው። ችሎቱ ይቀጥላል። የስክሪን ካርዱ አስተርጓሚ ከቀረ ደግሞ ምስሉ ይጠፋል፤ ችሎቱ ግን በጨለማም ቢሆን ተሰይሟል፣ መዝገቦቹም በየመደርደሪያቸው ናቸው። አስተርጓሚ ቀረ ተብሎ የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ከነመዝገብ ቤቱ ይቃጠል የሚል ሰው ቢመጣ እብድ ይባላል። ፎርማት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አስተርጓሚው ለምን ቀረ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ደግሞ የተደበቀ አይደለም። ሞጁል ሳይጫን የሚቀርባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ከአምስት አይዘሉም።

አንደኛው የስሪት አለመጣጣም ነው። ሞጁሎች የሚቀመጡት በከርነሉ የስሪት ቁጥር በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ሲሆን ለአንዱ ስሪት የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ከርነሉ ሲታደስ አብረውት የሚመጡት ሞጁሎች አብረው ይታደሳሉ። ከውጭ የሚጨመሩት ግን፣ እንደ ኤንቪዲያ የስክሪን ካርድ ድራይቨር፣ እንደ ቨርቹዋልቦክስ፣ በአሮጌ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ እንዳለው የብሮድኮም ዋይፋይ ያሉት፣ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መሠራት አለባቸው። ሥራውን ዲኬኤምኤስ የተባለ መሣሪያ በራሱ ይሠራዋል፤ ለዚያ ግን የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ከኢንተርኔት መውረድ፣ ማሽኑም እስኪጨርስ መቆየት አለበት።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ምን ይከሰታል? እድሳቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። ወይም ፓኬጁ ያልቃል። ወይም ባለቤቱ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ሶኬቱን ይነቅለዋል። በማግሥቱ ማሽኑ በአዲሱ ከርነል ሊነሣ ሲሞክር አስተርጓሚው ገና አልተወለደም። የጸሐፊዋ ኮምፒውተር የታመመው ይህንን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ማሽኑ ሲነሣ «ሺፍት» ወይም «ኤስኬፕ» ተጭኖ ግራብ በሚባለው የመነሻ ዝርዝር ላይ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ነው። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲያስገባ የቀደመውን ወዲያው የማይጥለው ለዚሁ ቀን ነው። በአሮጌው ተነሥቶ የተቋረጠውን እድሳት ማስጨረስ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ መመለስ። ሰውየው ለአራት ሰዓቱ ችሎት ይደርስ ነበር።

ሁለተኛው የመታወቂያ ጉዳይ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ ፊርማ የሌለውን ሞጁል አያስገባም። «ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም» ብሎ በግልጽ ይመልሰዋል። ኡቡንቱ እንዲህ ያለ ድራይቨር ሲጭን የይለፍ ቃል ያስመርጥና ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ አምጥቶ «ቁልፉን አስመዝግቡ» ይላል። ተጠቃሚው ሰማያዊ ገጽ ሲያይ ይደነግጥና «ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ በር ላይ ይቀራል። መፍትሔው ተመልሶ ቁልፉን ማስመዝገብ፣ ወይም የሚያስከትለውን አውቆ ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ ላይ መዝጋት ነው።

ሦስተኛው የቦታ ጥበት ነው። አንዳንድ ማሽኖች ላይ ቡት የሚባለው የመነሻ ክፍል ለብቻው ተከልሎ በጣም ትንሽ ሆኖ ይሠራል። አሮጌ ከርነሎች ሲጠራቀሙ ይሞላል። ሲሞላ ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለው ጥቅል ጎድሎ ይጻፋል፤ በሩን ከፍተው ዲስኩን የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹ አስተርጓሚዎች የሚገኙት በዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። እነሱ ከሌሉ ከርነሉ ዲስኩን ማየት ስለማይችል ደንግጦ ይቆማል። «ከርነል ፓኒክ» የሚለው አስፈሪ ስም ከዚህ ይመጣል። ስክሪኑ ሲታይ ሁሉም ያለቀለት ይመስላል። ፋይሎቹ ግን አንድም አልተነኩም፤ የጠፋው የበሩ ቁልፍ ነው። በቀድሞው ከርነል ወይም በፍላሽ አስነሥቶ ትርፍ ከርነሎችን ማጽዳትና ጥቅሉን እንደገና ማሠራት ይበቃል።

አራተኛው ከሁሉም ቀላሉ፣ በእሱ ሰበብ ፎርማት ማድረግም ከሁሉም አሳፋሪው ነው። ማሽኑ ሲነሣ የሚጠሩ ሞጁሎች ስም የተጻፈበት ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ላይ በአንድ ወቅት ተጭኖ የነበረ፣ አሁን የሌለ ፕሮግራም ሞጁል ስም ቀርቶ ይገኛል፤ ወይም አንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ከርነሉ የሞተ ሰው ስም ይጠራል፣ መልስ አያገኝም፣ በቀይ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ከዚያ በኋላ በሰላም ይነሣል። መድኃኒቱ አንዲት መስመር መሰረዝ ነው። አንዲት መስመር!

አምስተኛው እውነተኛው ሕመም ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ላይ የማንበብና የመጻፍ ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የሞጁሉ ፋይልም ካልተነበበ አይጫንም። እዚህ ላይ ጠጋኙ «ከባድ ነው» ቢል ትክክል ነው። ፎርማት ይደረግ ካለ ግን ከሁሉም የባሰ ጥፋት አጠፋ። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ መጻፍ የቀረውን ትንፋሽ መቁረጥ ነው። መጀመሪያ ይቀዳል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ጠንቋይ አይጠይቅም። «ጆርናልሲቲኤል» የሚባለው ትእዛዝ ማሽኑ ሲነሣ የተናገረውን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ያወጣዋል። «ዲሜሴጅ» የከርነሉን የራሱን ቃል ያሰማል። «ሞድፕሮብ» ደግሞ የቀረውን አስተርጓሚ በስሙ እየጠራ ለምን እንዳልመጣ ያናግረዋል። ማሽኑ ጨርሶ ካልተነሣ ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ ይነሣና ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። ፍላሹ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ ለዓመት ያገለግላል።

የጠጋኙ መከራከሪያ

ፍርድ ያለ ክርክር አይሰጥም፤ ጠጋኙም ይሰማ። ክርክሩም ባዶ አይደለም።

«ማንም ለማንበብ አይከፍልም» ይላል። እውነቱን ነው። ፎርማት የታወቀ ዋጋ አለው። መዝገብ ማንበብ ግን ሁለት ሰዓት ፈጅቶ አንዲት መስመር በመሰረዝ ሊያልቅ ይችላል። ደንበኛው አንዲት መስመር ስትሰረዝ አይቶ «ለዚህ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» ይላል። ይኸው ሰው ግን ሐኪም ቤት ሲሄድ ካርድ ያወጣል፣ ለላቦራቶሪ ይከፍላል፣ ውጤት ይጠብቃል፤ ሐኪሙ ሳይመረምረው ቢቆርጠው ደግሞ ይከሳል። ለራሱ ምርመራ የሚከፍል ደንበኛ ለኑሮው መዝገብ ምርመራ መክፈል ካልፈለገ፣ የሚቆርጥ እንጂ የሚያክም ጠጋኝ አያገኝም። የጥፋቱ ግማሽ የባለንብረቱ ነው።

«ባክአፕ መያዝ ነበረባቸው» ይላል። ይህም እውነት ነው። መያዝ ነበረባቸው። ቀበቶ ሳያስር የተጋጨ ሹፌርም ጥፋተኛ ነው፤ ሆኖም ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ጥፋቱ እየተነገረው አይገደልም። ባክአፕ የሌለው ደንበኛ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል። እዚህ አገር የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ባክአፕ የለውም መባሉ የመደምሰሻ ፈቃድ ሆኗል።

«ሊኑክስ ለዚህ አገር አይሆንም፤ ፓወር ግእዝ አይሠራበትም» የሚለው ሦስተኛው ክርክር ግን ጊዜ አልፎበታል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። አማርኛ በሊኑክስ ላይ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈለጋል። የአሮጌ ፋይሎች ፎንት መቀየር ራስ ምታት መሆኑ አይካድም፤ ያ ግን የድሮው ፎንት ዕዳ እንጂ የከርነሉ ጥፋት አይደለም። ደግሞስ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ሲያመጣ ያው ጠጋኝ ምን ይላል? ፎርማት ይደረግ! በሽታው የስርዓቱ ቢሆን ኖሮ ስርዓት ሲቀየር መድኃኒቱም ይቀየር ነበር።

አንድ ነገር ለጠጋኙ መታሰብ አለበት። ብዙዎቹ ሙያውን የለመዱት ከወንበር ሳይሆን ከጓደኛ ነው። ጓደኛው ፎርማት አስተማረው፤ እሱም ፎርማት ያስተምራል። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ማሽን ፊት፣ ከኋላው ሦስት ሰው ቆሞ «ቶሎ በል» እያለው፣ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ያደርጋል። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ጅቡን ያስቸኮለው ማን እንደሆነም ይጠየቅ።

ዓለም ሲታመም ምን አደረገ?

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል በከርነል ደረጃ የሚሠራውን ሶፍትዌሩን ጣለው። ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች እየተነሡ መውደቅ፣ እየወደቁ መነሣት ጀመሩ። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን 8.5 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገመተ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ።

ነገሩ የፒያሳዋ ሱቅ ችግር ዘመድ ነው፤ ማሽን ሲነሣ ከእምብርቱ የሚቀላቀል አንድ ነገር ተበላሸ። ለዓለም የተነገረው ዋና መፍትሔ ምን ነበር? ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሡ፣ ያንን አንድ ፋይል ፈልጋችሁ ሰርዙ፣ እንደገና አስነሡ። ባለሙያዎች ከማሽን ማሽን እየዞሩ ይህን አደረጉ። የታመመው ፋይል ወጣ፣ የሰው መዝገብ በቦታው ቀረ። የዚያን ቀን ዓለም በ«ፎርማት ይደረግ» ቢመራ ኖሮ የደረሰው ኪሳራ ከበረራ መሰረዝ አልፎ ይሄድ ነበር።

አገር ውስጥም ትምህርት አለ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ ሌሊት የደረሰውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ባንኩ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር አያይዞ ባስረዳው ችግር ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የወሰዱት እየተለዩ እንዲመልሱ ተደረገ፤ ያልመለሱት ስም ተለጠፈ። ይህ እንዴት ተቻለ? ማን፣ መቼ፣ ስንት እንዳወጣ የሚናገር መዝገብ ስለነበረ። መዝገቡ ባይነበብ ኖሮ የቀረው ሐሜት ብቻ በሆነ። ባንክን ያዳነው የመዝገብ ንባብ የጽሕፈት ቤቷን ሴት ለምን አያድንም?

አምስት ሚሊዮን ኮደርና አንድ ጠጋኝ

በዚያው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምራለች። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኦንላይን ይሰጣል። መልካም ነው፤ ማንም በቅን ልብ አይጠላውም።

ነገር ግን አገር በኮደር ብቻ አትቆምም። የወረዳው ሬጅስትራር፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት መዝገብ፣ የጽሕፈት ቤቷ አቤቱታ በየቀኑ የሚነሣ ማሽን ላይ ነው ያለው። ማሽኑ ባልተነሣ ቀን የሚፈለገው አዲስ መተግበሪያ የሚጽፍ ወጣት አይደለም። የሚፈለገው ቀዩን መስመር አንብቦ «ይቺ ናት፤ ፋይሎቹ ደህና ናቸው» የሚል ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ዘመቻ አልታወጀለትም፣ ሰሌዳ አልተሰቀለለትም።

በሺዎች የሚቆጠሩ በሊኑክስ የሚሠሩ አረንጓዴ የልጆች ላፕቶፖች ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ገደማ ወደዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። ዕቃ ማስገባት ቀላሉ ክፍል መሆኑን ያኔ የነበሩ መምህራን ያውቁታል። ዕቃው ሲታመም ማን ያነበዋል የሚለው ጥያቄ ዛሬም በሩ ላይ ቆሟል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሃርድዌርና ኔትወርክ ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቻቸውም ለብቃት ምዘና ይቀመጣሉ። እንግዲያው ምዘናው ላይ አንድ ጥያቄ ይግባ። የማይነሣ ማሽን ይቅረብ። ተፈታኙ ሦስት ነገር ያድርግ፦ ፋይሎቹን ያትርፍ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ፣ ከዚያ ይጠግን። ፎርማት ያደረገ ይውደቅ። ይህ በጀት አይጠይቅም። ውጭ ምንዛሬ አይጠይቅም። ከምዘናው ክፍል ጥግ የተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ይበቃሉ።

አራዳ ማለት

አራዳ የሠፈር ስም ብቻ አይደለም። አራዳ ማለት ንቁ፣ የማይሸወድ፣ ነገሩ ሳይነገረው የሚገባው ማለት ነው። ስሙ የወጣው ከድሮው ገበያና ከዚያ ገበያ ከፈራው ብልጠት ነው። ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜ ከሽቦው የሚወጣውን ድምፅ ሰምተው «ሰይጣን ነው» ያሉ እንደነበሩ ይነገራል። ንጉሡ ግን አላስነቀሉትም ይባላል፤ ድምፁ ምን እንደሚል አዳመጡ። የሚናገር ማሽን ሲያጋጥም ያለው ምርጫ ያኔም ዛሬም ሁለት ነው፤ ማዳመጥ ወይም ማባረር።

የካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመርቋል፤ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ መጥቶ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ነባር ሠፈሮች ተነሥተዋል። ለማ ወይስ ፈረሰ የሚለው ክርክር ሌላ ነው። አንድ ነገር ግን ለሁለቱም ወገን ይታያል። ሠፈር ሲነሣ ሰው ይበተናል፤ ሰው ሲበተን ያልተጻፈ እውቀት አብሮ ይሄዳል። «የእትዬን ማሽን እኔ ነኝ የማውቀው» የሚለው ጠጋኝ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። ምን እንደጠገነ፣ ለምን እንደጠገነ፣ የትኛውን ሞጁል እንደዘጋ ወረቀት ላይ ቢያሰፍር ኖሮ ተተኪው ከዚያ ይጀምር ነበር። አላሰፈረም። ስለዚህ ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዜሮ የሚጀምር ጠጋኝ ደግሞ ዜሮ ማድረግ ይቀለዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ባለሱቁ፣ ጸሐፊዋ፣ የቢሮ ኃላፊው ከዛሬ ጀምረው አራት ነገር ይጠይቁ።

1. ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጠው በዓይን ሳይታዩ ማንም ማሽኑን ፎርማት አያደርግም። «እናያለን» መልስ አይደለም።

2. ጠጋኙ ከመንካቱ በፊት ቀዩን መስመር በስልክ ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ነጻ ነው፤ ሁለተኛ ጠጋኝ ማማከር ቢያስፈልግ ማስረጃ ይሆናል።

3. የምርመራ ዋጋ ከጥገና ዋጋ ተለይቶ ይከፈላል። አንዲት መስመር ብቻ ተሰርዛ ቢሆንም። የሚከፈለው ለጣቱ ሳይሆን የትኛዋን መስመር መሰረዝ እንዳለበት ለማወቁ ነው።

4. ምን እንደተበላሸና ምን እንደተደረገ ግማሽ ገጽ ይጻፋል፤ ወረቀቱም ማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል።

የሚያድሱም ቢሆኑ እድሳቱን ዓርብ ማታ መብራት ሊሄድ ሲል አይጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑር፤ ፓኬጁም ይብቃ። ከቀደመው ከርነል አንዱ ምን ጊዜም ይቀመጥ። የሥራ ፋይል ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከማሽኑ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይደር።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ይበልጥ ይጠየቃሉ። የጽሕፈት ቤቷ ሴት ያጣችው የራሷን መዝገብ ነው። መሥሪያ ቤት ፎርማት ሲያደርግ የሚጠፋው የዜጋ መዝገብ ነው። «ሲስተም የለም» ተብሎ ለተመለሰ ባለጉዳይ ሲስተሙ ለምን እንደሌለ የማወቅ መብት አለው። መልሱ ደግሞ ማሽኑ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ያቺ ሴት በማግሥቱም ሱቋን ከፍታለች፤ ከመክፈት ሌላ ምርጫ የላትም። ዴስክቶፑ ንጹሕ ነው፣ ፎልደሮቹ ባዶ ናቸው። የአምናውን አቤቱታ ቅጂ የፈለገው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ትበለው?